የቢምረው ጥፍር

ቢምረው አርፎ መቀመጥ አይችልም። ይህን የምለው ላማው ፈልጌ አይደለም፤ መንሱራ የሚባል የዶሃ ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ አብሬው እየኖርኩ ያየሁትን ነው የምናገረው። ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ በአውራ ጣቱ ጥፍር የአልጋውን ብረት ይዳብሳል። ከዚያ ተነስቶ የመስኮቱን ጠርዝ ይዳብሳል። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሁለት የወለል ሸክላዎች የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ አንደኛው ከጎኑ ካለው ትንሽ ከፍ ብሏል። እኔ በዚያ በር ስገባና ስወጣ ዓመታት ኖሬ ልብ ብዬው አላውቅም። እሱ በመጣ በመጀመሪያው ቀን አገኘው፤ ከዚያ ወዲህ ባለፈ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ይነካዋል።

"አንተ ሰውዬ፣ ልትታጠብ ነው ወይስ ልትሰግድ?" እለዋለሁ።

ይስቃል፤ ጎንበስ ማለቱን ግን አይተውም። እኔ ደግሞ የሚቁነጠነጥ ሰው አልወድም። ቀኑን ሙሉ መኪና ስነዳ ከኋላዬ የሚቀመጠው ሁሉ ሲቁነጠነጥ ነው የምውለው፤ አንዱ ሰዓቱን ያያል፣ አንዱ ስልኩን ይደበድባል፣ አል ሰድ ሰፈር መብራት በያዘን ቁጥር "ያላ፣ ያላ" እያለ የሚያጣድፈኝ አይጠፋም። ቤቴ ስገባ እንኳ የረጋ ሰው ባይ ምን ነበረበት? አላህ የሰጠኝ ግን ቢምረውን ነው።

ሙህዲን እባላለሁ። የከሚሴ ልጅ ነኝ፣ ዶሃ ውስጥ ሊሞዚን እነዳለሁ። የማወራችሁ ግን ስለ ራሴ አይደለም፤ ስለ ቢምረውና ስለ አበልጁ ስለ ጌታሁን ነው። ሦስታችን አንድ ክፍል ነበርን።

ቢምረው ሥራው የሐዲድ መገጣጠሚያ ማየት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባቡሮች የሚቆሙበትና የሚታጠቡበት ሰፊ ግቢ አለ፤ እዚያ ጥገና ለያዘ አንድ ኮንትራክተር ነው የሚሠራው። ሐዲድ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ወጥ ብረት ይመስላል። ግን የተቀጣጠለ ነው። ብዙው ቦታ በብየዳ ተያይዟል፤ ግቢው ውስጥ ግን ሁለቱን ጫፎች በግራና በቀኝ በጠፍጣፋ ብረት አቅፈው በቡሎን ያሰሯቸው ቦታዎች አሉ። እነዚህ ጫፎች እኩል መግጠም አለባቸው። አንዱ ከፍ ብሎ ሌላው ዝቅ ካለ፣ ወይም አንዱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ የባቡሩ የብረት ጎማ ባለፈ ቁጥር ያችን ጫፍ ይመታታል። ሲመታት ከርሞ ይሰብራታል። ኩርባ ላይ ከሆነ ደግሞ ጎማው ጫፏን ተንተርሶ ሊወጣና ባቡሩ ሐዲዱን ሊስት ይችላል። ይህን ሁሉ የነገረኝ እሱ ነው፤ ሳልጠይቀው።

ማለዳ ፀሐዩ ሳይከር በሐዲዱ መሀል እየሄደ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በሁለቱ ጫፎች ላይ ያጋድማል። ከሥሩ ክፍተት ካየ ስስ የብረት ምላሶች እያስገባ ይለካል። ከዚያ በፊት ግን ጓንቱን ያወልቅና ጥፍሩን ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ያስኬዳል። ጥፍሩ ከተደናቀፈ ነገር አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ መገጣጠሚያው ላይ ቢጫ ቀለም ይጭራል። ጠጋኞቹ መጥተው ያስተካክላሉ። ከተስተካከለ በኋላ እሱ ተመልሶ ያየውና ቢጫው ላይ ነጭ ይቀባበታል፤ ነጭ እስካልተቀባ ድረስ ሥራው አላለቀም። ጠጋኙ ነጩን ቀለም በእጁም አይነካም። ሕጋቸው ነው።

የጠጋኞቹ አለቃ ጌታሁን ነበር።

ጌታሁን የሐሙሲት ሰው ነው፤ ደንዳና፣ ነገር የማያበዛ፣ ሲስቅ ትከሻው ብቻ የሚስቅ። ለቢምረው ቪዛ ያገኘለት እሱ ነው። ከኤርፖርት የተቀበለው፣ እኛ ክፍል ውስጥ አልጋ የለመነለት፣ ማስመሪያ አያያዝ ያሳየው እሱ ነው። ኋላም ለእረፍት አብረው አገር ገቡና የቢምረው ልጅ ልዑል ባሕር ዳር ክርስትና ሲነሳ ጌታሁን የክርስትና አባት ሆነ። በቃ፣ አበልጅ ሆኑ። እኛ ወሎ እስላምና ክርስቲያን ተቀላቅለን ስላደግን አበልጅ ምን እንደሆነ አላጣውም። አበልጅ አይካድም፣ አይከሰስም፣ ክፉ ቃል አይወጣበትም። ከወንድም ጋር ተጣልቶ መታረቅ ይቻላል፤ ከአበልጅ ጋር መጣላት ግን እግዜርንም ያስቀይማል ይላሉ።

እንደ አገራቸው ልማድ ከክርስትናው በኋላ አንቱ መባባል ጀመሩ። ሁለቱም ከኔ ያን ያህል የማይበልጡ ሰዎች ናቸው። በዚያች በምታፍን ክፍል ውስጥ አንዱ በፎጣ፣ ሌላው በቁምጣ ቆመው "አበልጄ፣ ካልሲዎን ከምድጃው ላይ ያንሱልኝ" ሲባባሉ ስሰማ ሆዴን እስኪያመኝ እስቃለሁ። እነሱ አይስቁም። ጌታሁን ካልሲውን በትሕትና ያነሳል።

ባሕር ዳር ቢምረው ቤት አሠርቷል። ቤቱ ጥሩ ነው፤ የፊት በሩ ደፍ ግን ተበላሽቷል። ከውጭ ያለው ሲሚንቶና ከውስጥ ያለው ወለል ደፉ ላይ ሲገናኙ እኩል አልመጡም። ለእረፍት ሄዶ ወሩን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሲዳብሰው ከረመ፤ አስተካክለዋለሁ ሲል ሲል ቀኑ አለቀና ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ሙሉነሽ በደወለች ቁጥር ታነሳበታለች። ልዑል መሄድ ሲጀምር እዚያው ተደናቅፎ ከንፈሩን ተረተረ። "የዓረብ አገሩን ብረት ሁሉ ታቃናለህ፣ የራስህ ልጅ በራስህ ደፍ ይወድቃል" አለችው። ያን ቀን ቢምረው እራቱን አልበላም።

አሁን ወደ ሐሙሱ ነገር ልግባ።

በዚያ ሰሞን ጌታሁን ሱፐርቫይዘር ሊሆን ነበር። ለሌላው ሰው ሹመት ነው፤ ለጌታሁን ግን ሚስት ነበረች። ኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ሱፐርቫይዘር የሚል ከተጻፈለት ሚስቱን ማምጣት ይችላል። ከተጋቡ ጀምሮ አብረው የኖሩት የእረፍት ወሮቹን ብቻ ነው። ኢንጂነር ሳቢር የሚባለው ሱዳናዊ አለቃቸው ስሙን ወደ ላይ አስተላልፎለት ደብዳቤው ብቻ ቀርቶ ነበር። አንድ ማስጠንቀቂያ ቀድሞ ስለነበረበት ሌላ ጥፋት ከተገኘበት ግን ነገሩ ኸላስ ነው፤ አበቃለት። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን። ጌታሁን ለሚስቱ የምትሆን ጠባብ ቤት እያፈላለገ እኔንም በመኪናዬ ሲያዞረኝ ሰንብቷል።

ሐሙስ ጠዋት ቢምረው ወደ ማጠቢያው በሚወስደው ኩርባ ላይ ሲደርስ ጥፍሩ ተደናቀፈ። የጌታሁን ቡድን ቀደም ባለው ቀን እዚያ ቦታ የተበላ ሐዲድ ቆርጦ አዲስ ቁራጭ ተክቶ ነበር። አሮጌው ሐዲድ በውስጥ በኩል ተፍቆ አልቋል፤ አዲሱ ሙሉ ነው። ስለዚህ የአዲሱ ጫፍ ወደ ውስጥ ወጣ ብሏል። እንዲህ ሲሆን አዲሱን በመሞረጃ ማሽን ሞርዶ ከአሮጌው ጋር እኩል ማድረግ ያስፈልጋል። ማሽኑ ግን ሌላ ቦታ ተወስዶ ነበር። መስመሩ ሐሙስ እንዲከፈት ከላይ ይጨቀጭቃሉ። ጌታሁን ቡሎኑን አጠበቀና አልቋል ብሎ አስረከበ።

ቢምረው ቢጫውን ቀለም ከወገቡ አወጣ። ከዚያ መልሶ ከተተውና ጌታሁንን ጥላ ሥር ጠራው።

"አበልጄ፣ የማጠቢያው ኩርባ ላይ ያለው ጫፍ አልገጠመም" አለው።

"አውቃለሁ" አለ ጌታሁን።

"ልቀባው ነው።"

"ከቀቡት ሳቢር ያየዋል። ሳቢር ካየው እኔ አለቀልኝ። ነገ አርብ ነው፤ በዚያ መስመር ባቡር አይበዛም፣ ሲያልፍም ቀስ ብሎ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ማሽኑ ይመጣል፤ ሰው ሳይገባ አስተካክለዋለሁ።"

"ቢረሱትስ?"

"ልዑል ይሙት" አለ ጌታሁን።

ያገራችን ሰው ሲምል የሚወደውን ይጠራል። ጌታሁን ልጅ የለውም፤ የሚወደው የክርስትና ልጁን ነው። ስለዚህ ለመሐላ የጠራው የሰውዬውን የገዛ ልጅ ነው፤ ያውም ፊቱ ቆሞ። ቢምረው ከዚያ በኋላ ምን ይበል? አላምንዎትም ካለ አበልጁን ውሸታም ማለቱ ነው፤ ካመነው ደግሞ የልጁን ነፍስ ያ ሐዲድ ላይ ማስቀመጡ ነው። "እሺ" አለና ሳይቀባው ሄደ። እንዲህ ያለ ስህተት የምንሠራው እኛ ብቻ ነን። ፊሊፒኖ ቢሆን ቀብቶት ምሳውን ይበላ ነበር።

ያን ቀን ማታ ምንም አልነገረኝም። ግን ሲገላበጥ የአልጋው ብረት ሲጮህ አመሸ። ጌታሁንም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር፤ ተኝቶ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው እሱም አልተኛም።

አርብ ጠዋት ቢምረው ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ሌላ ጊዜ አብረው ነው የሚሄዱት፤ ጌታሁን ራሴን አሞኛል ብሎ ቀረ። እኔም ትንሽ ጉዳይ ነበረኝና ወጣሁ። ተመልሼ ገላዬን ታጥቤ ለጁምዓ እየተዘጋጀሁ ሳለሁ ቢምረው ነጠላውን በአንድ እጁ ጠቅልሎ እያለከለከ ገባ። ቅዳሴውን አልጨረሰም። ኋላ እንደነገረኝ፣ ቆሞ መጸለይ አቅቶት የምእመናኑ ጫማ ከተደረደረበት ሄዶ ጫፍ ለጫፍ ሲያስተካክል አንድ ሽማግሌ ገሠጹት። ከዚያ ወጣ። ሜትሮ ውስጥ ቦታ እያለ አልተቀመጠም፤ ባቡሩ ሲዞር በእግሩ ወለሉን ሲያዳምጥ ነው የመጣው።

የጌታሁን አልጋ ባዶ ነበር። ቢምረው ወደ በሩ ሥር አየ። የጌታሁን የሥራ ጫማም የለም።

"ሙህዲን፣ ግቢ አድርሰኝ" አለ።

"ጁምዓዬ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሙዓይዘር ሰፈር ያለች ደንበኛዬ ማዳም ቀጥራኛለች።"

"አድርሰኝ።"

ፊቱን አየሁና ቁልፌን አነሳሁ። ግን ተናድጄ ነበር፤ መንገድ ላይም ንዴቴን አልደበቅኩም። ያን ጊዜ ነው ሐሙስ የሆነውን ሁሉ የነገረኝ። የመኪናውን ዳሽቦርድ ስንጥቅ በጥፍሩ እያስኬደ፣ ጌታሁንን እየደጋገመ በስልክ እየደወለ። ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም።

"ቅዳሜ አይደል እንዴ ያለህ?" አልኩት።

"በልዑል ምሎ እስከ ቅዳሜ የሚቆይ ሰው አይደለም።"

"እና ሄዶ ካስተካከለው ጥሩ አይደለም?"

"ሙህዲን፣ መስመሩ አልተዘጋም" አለኝ። "ሐዲድ ላይ የሚገባ ሰው አስቀድሞ ያስፈቅዳል። መስመሩ ይዘጋለታል፣ ኤሌክትሪኩ ይቆረጣል። ፈቃድ ከጠየቀ ለምን እንደሚገባ ይናገራል፤ ስለዚህ አልጠየቀም። እነዚያ ባቡሮች ደግሞ ሾፌር የላቸውም። ተንበርክኮ ያለ ሰው የሚያይላቸው የለም።"

እግሬን ነዳጁ ላይ ጫን አደረግኩ።

ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። በበጋ በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ መሥራት ክልክል ነው፤ ግቢው ጭር ብሏል። የበሩ ዘበኛ ይማም፣ የወልድያ ልጅ ነው፣ ጓዶቹ ለጁምዓ ሄደው እሱ በመቅረቱ አኩርፎ ተቀምጧል። ቢምረውን ሲያይ "አበልጅህም ገብቷል እኮ፤ ዕቃ ረስቻለሁ ብሎ" አለው።

ቢምረው ካርዱን አስነክቶ ገባ። እኔን አላስገቡኝም፤ የሽቦ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ሁሉም ይታያል። ኩርባው ከበሩ ራቅ ብሎ ነው፤ ከመሀል ብዙ መስመሮች አሉ፣ በየጎናቸውም ኤሌክትሪክ የተሸከመው ብረት። ጌታሁን ኩርባው ላይ ተንበርክኳል። በእጁ አነስተኛ መሞረጃ ይዟል፤ የእሳት ፍንጣሪ እግሩ ሥር ይረግፋል። ጆሮው ላይ የድምፅ መከላከያ አድርጓል። ጀርባው ወደ ማጠቢያው አዳራሽ ነው፣ የአዳራሹ በር ደግሞ ክፍት ነው።

"አበልጄ!" ብሎ ጮኸ ቢምረው። በሕይወቴ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ጌታሁን ግን አልሰማም። ደግሞ ጮኸ። እኔም ከአጥሩ ጮህኩ። መሞረጃው ብቻ ነው የሚሰማው።

እንዳይሮጥ ኤሌክትሪኩ አለ። ከእግረኛው መንገድ ጫፍ ምሰሶ ላይ ቀይ ቁልፍ ያለው ሣጥን ተሰቅሏል። እሱ ከተነካ ግቢው ውስጥ ያለው ባቡር ሁሉ ይቆማል፣ ኤሌክትሪኩም ይቆረጣል። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ያውቃል፣ ሳቢር ከቤቱ ይጠራል፣ ማን ለምን እንደነካው ይመረመራል። ቢምረው ሣጥኑ ጋ ደረሰ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ከዚያ እጁ ቆመ። አየሁት። እጁ ቁልፉ ላይ ሆኖ አይኑ ጌታሁን ላይ ነው። የሚያስበውን እኔም አውቄዋለሁ፤ ይህን ከነካሁ የሰውዬውን ሚስት በእጄ ከደጁ መለስኳት ነው የሚለው። እኔ ግን የምፈራው የአዳራሹን በር ነበር።

"ንካው እንጂ!" አልኩ። ለራሴ ሳይሆን አይቀርም የጮህኩት።

ነካው።

ጩኸት ተነሳ፤ በየምሰሶው ላይ ቀይ መብራት ዞረ። ጌታሁን ብርሃኑን አየና ቀና አለ። መሞረጃውን አጠፋ። የጆሮውን መከላከያ አወረደና ዞሮ ቢምረውን አየው። ከዚያ በመስመሮቹ ላይ እየተራመደ መጣ።

"አንተ ነህ?" አለው። አንተ ብሎ ሲጠራው ከክርስትናው ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

"እኔ ነኝ።"

"ባቡር አልነበረም እኮ። እያየሁ ነው የገባሁት።"

"ቢኖርስ?"

"ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረኝ። በልጅህ ምዬልህ እንዴት ልተኛ? ላንተው ብዬ ነው የመጣሁት። ምናለ ብትጠራኝ?"

"ጠርቼዎት ነበር" አለ ቢምረው።

ባቡሩ ይመጣ ነበር ወይስ አይመጣም፣ እስከ ዛሬ እርግጡን የሚናገር አላገኘሁም። ከአዳራሹ ሊወጣ ነበር የሚሉ አሉ፤ ገና እየታጠበ ነበር የሚሉም አሉ። ቢምረው ይህን ጥያቄ ለብዙ ሰው ጠይቋል። ቁርጡን ቢነግሩት ያርፍ ነበር።

ኢንጂነር ሳቢር ከመስጊድ እንደወጣ በነጭ ጀለቢያው መጣ። ሰውዬው ክፉ አይደለም። መስመሩ ተዘግቶ ሁሉም ኩርባው ጋ ሲሄዱ ቢምረውን "መቼ ነው ያየኸው?" አለው። ዛሬ ነው ቢለው ማንም የሚያጋልጠው አልነበረም፤ ጌታሁን አፉን አይከፍትም። ቢምረው ግን "ሐሙስ" አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጥፍሩን መገጣጠሚያው ላይ አስኬደ። አሁንም ትንሽ ተደናቀፈ። ቢጫውን ቀለም ከዕቃ ቤት አስመጥቶ፣ ጌታሁን እያየው፣ ጭረት አደረገበት።

ያለ ፈቃድ ሐዲድ ላይ መግባት ምሕረት የለውም። ጌታሁን ሥራው ተቋረጠ፣ ወረቀቱ ተሰረዘ። ቢምረው ማስጠንቀቂያ ተጻፈበትና ሥራው ላይ ቀረ። ይኸው ነው ሰውዬውን የበላው። ሳቢር ቢሮ ሄዶ እሱን መልሱትና እኔን አባሩኝ አለ። ሳቢር ወንበር ሰጥቶ ሻይ አስመጣለትና "ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ሰውዬው በሕይወት አለ፤ አልሐምዱሊላህ በል፤ ኸላስ" አለው። ቢምረው ሻዩን ሳይነካ ወጣ።

ጌታሁን ትኬቱ እስኪቆረጥለት እኛው ጋ ነበር። በሁለቱ አልጋ መሀል አንሶላ ሰቀለ። ለኔ እንደ ወትሮው ያወራኛል፤ ቢምረው ሲገባ ዝም ይላል። ቢምረው ምግብ ሠርቶ ለሦስት ያቀርባል፤ ጌታሁን ዳቦ ገዝቶ ይመጣል። እኔ መሀል ሆኜ ሁለት ጊዜ ራት እበላለሁ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና "ሰውዬው እኮ ነፍስህን ነው ያተረፈው" አልኩት። ጌታሁን ሻንጣውን እያጠበቀ "ይሆናል" አለ። "ግን ሚስቴን ምን ልበላት?"

የሚሄድበት ቀን ኤርፖርት የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ቢምረው ከጠዋት ጀምሮ ለብሶ ይጠብቃል። ጌታሁን ወደሱ ሳያይ "እሱ አይምጣ" አለኝ። ቢምረው ተመልሶ አልጋው ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ከትራሱ ሥር ለልዑል የገዛውን ጫማ አወጣና ለኔ ሰጠኝ። "ስጥልኝ። ካልፈለገ አምጣው" አለ። ኤርፖርት በር ላይ ጫማውን ዘረጋሁለት። ጌታሁን አገላብጦ አየውና ጋሪው ላይ ከሻንጣው በላይ አስቀመጠው። እኔም ምን ብዬ እንደምተረጉመው ቸገረኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቢምረውን ልነግራችሁ አልችልም። ቀድሞ ብረትና ሸክላ ነበር የሚዳብሰው፤ አሁን የጌታሁንን ባዶ አልጋ ጠርዝ ሳይቀር ይዳብሳል። ከሥራ በእግሩ መምጣት ጀመረ፤ ሙቀቱ ሰው እያቀለጠ። ያንን ኩርባ አዲስ ቡድን መጥቶ አስተካክሎታል፤ ሁሉም እኩል ነው ብለዋል። እሱ ነጩን ለመቀባት ስንት ጊዜ ተመላልሶ እንደነካው እግዜር ይወቅ። ሐሙሲት ሲደውል የጌታሁን ስልክ አይነሳም። ቢምረው ለሙሉነሽም እውነቱን አልነገራትም፤ አበልጃችን ሥራ ጨርሰው ገቡ አላት እንጂ። ሥራውን ለቆ አገሩ ሊገባ ነው ብዬ ስፈራ ሰነበትኩ። ያልኩት አልሆነም፤ ግን ቀርቦ ነበር።

አንድ አርብ ከሰዓት እኔ ተጋድሜ ሳለሁ ሙሉነሽ በቪዲዮ ደወለች። ቢምረው ስልኩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ቆሞ ያወራል፤ ቁጭ አይልማ።

"አበልጃችን መጥተው ነበር" አለችው።

እኔ ተነስቼ ተቀመጥኩ።

"መቼ?" አለ ቢምረው።

"ትናንት። ለልዑል ጫማ ይዘው። አንተ የላክኸውን። ልጁ አውልቅ ቢሉት አላወልቅም ብሎ ተጫምቶ ነው ያደረው።"

"ምን አሉ?"

"ምን ይላሉ፣ ቁጭ እንኳ አላሉም። ምሳ ላቀርብ ስል በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ያንን ደፍ ያዩታል። ከዚያ ወጡና ሲሚንቶ ተሸክመው መጡ። አፍርሰው እንደ አዲስ ሠሩት። ባልሽ ይህን እያሰበ አይተኛም አሉኝ። በጣም ጥሩ አድርገው ነው የሠሩት፣ እንደ ጠረጴዛ ነው የሆነው። ግን ዛሬ ጠዋት ተመልሰው መጥተው አበላሹብኝ።"

"እንዴት?"

"ቢጫ ቀለም ቀቡበት። መሀሉ ላይ ጭረት። ምነው አበልጄ፣ ስንት የለፉበትን ብላቸው፣ አትንኪው አሉኝ። ጠጋኝ ነጩን አይቀባም፤ ነጩ የአበልጄ ነው፤ መጥተው በጥፍራቸው አይተው እኩል ከሆነ ይቀቡታል፣ ካልሆነ ይናገሩኝ አሉ። ይኸው፣ እየው። ምን ማለታቸው ነው?"

ስልኳን ወደ ደፉ አዞረች። ግራጫ ሲሚንቶ፣ ከመሀሉ ወፍራም ቢጫ ጭረት፣ ከዳር የልዑል አዲስ ጫማ።

ቢምረው ስልኩን ከመስኮቱ አንስቶ ወደ ፊቱ አቀረበውና በአውራ ጣቱ ጥፍር ስክሪኑ ላይ፣ ቢጫው ጭረት በሚያልፍበት፣ ከውጭው ወደ ውስጡ ቀስ ብሎ አስኬደ። አንድ ጊዜ። ከዚያ ተመልሶ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚስቅ መስሎኝ ነበር።

"አንተ፣ ምን ሆነሃል?" አለች ሙሉነሽ። "ደህና አይደለህም?"

"ደህና ነኝ" አለ። "አትንኪው። ማንም እንዳይቀባው።"

ስልኩን ዘጋና አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ዝም ብሎ ቁጭ አለ፤ እጁም ጭኑ ላይ ነበር። እኔ ሳቅም እንባም መጥቶብኝ ዞር ስል ጠራኝ።

"ሙህዲን።"

"አቤት።"

"ነጭ ቀለም በአውሮፕላን ያስገባሉ?"

"ምን ታደርገዋለህ፣ ባሕር ዳር ሞልቷል" አልኩት።

"እውነትህን ነው" አለና ጋደም አለ። ጫማውን እንኳ አላወለቀም። እኔ ሻይ ጥጄ ስመለስ ተኝቶ አገኘሁት፤ እኔም ሳልቀሰቅሰው ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጥኩለት።